ለቤተ ዘመድ በአንድነት እንዲነበብ፦ ስለ ፌኸንሃይም የመንገድና የጓዳ ወጪ

ፌኸንሃይም በፍራንክፈርት አም ማይን ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ የማይን ወንዝ ሰፊ ቀለበት ሠርቶ በሚታጠፍበት ቦታ የሚገኝ ሰፈር ነው። እስከ 1928 ድረስ ራሱን የቻለ ቀበሌ ነበር፤ በዚያ ዓመት ከተማው ጠቀለለው። (በዚህ ደብዳቤ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) በ1870 የተቋቋመው የካሴላ ቀለም ፋብሪካ የወዛደር ሰፈር አደረገው፤ ሃናወር ላንድሽትራሰ በሚባለው ረጅም ጎዳና ላይ ደግሞ በፖስታ ዕቃ ይሸጥ የነበረው ኔከርማን ግዙፍ ሕንፃውን ሠራበት። ኔከርማን በ2012 ከስሮ ተዘጋ፤ ዛሬ በግቢው ውስጥ ቦታ የያዙት ኮምፒውተሮች ናቸው፤ እነሱ በኪራይ አያማርሩም። ከትራም መስኮት ሲታይ ሰፈሩ ጋራዥ፣ መጋዘን፣ የመኪና መሸጫ፣ የቁርጥራጭ ብረት ግቢ፣ ከዚያ ድንገት ወንዝና ዳክዬ ነው።

ደሴ ባለው ቤተ ዘመድ እጅ የሚገኘው የፍራንክፈርት ፎቶግራፍ ግን ይህን አያሳይም። ፎቶው የሚያሳየው የባንኮቹን ፎቆች ነው። ከነሱም አንዱ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ነው፤ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ከፌኸንሃይም ወደ መሀል ከተማ በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ኦስትባንሆፍ ጣቢያ አካባቢ ቆሟል። የዩሮ ነገር የሚወሰነው እዚያ ነው። የደብዳቤው ላኪ በየቀኑ በአጠገቡ ማለፉ ለብዙ ዘመድ የተሳሳተ ተስፋ ሰጥቷል። ትራሙ እዚያ የሚቆመው ሰው ሊያወርድና ሊያሳፍር ብቻ ነው።

የሰፈሩን ዋጋ ለማስረዳት ከማባዛት መጀመር ግድ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ያየውን ዋጋ ሁሉ ወደ ብር ይመነዝራል። ብር በ2024 ሐምሌ መጨረሻ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ምንዛሬው ራሱ አንድ ቦታ ስለማይቀመጥ፣ ለስኒ ቡና የገባ ሰው ስሌቱን እስኪጨርስ ቡናው ይቀዘቅዛል። ልማዱ ደሞዝ በዩሮ መቀበል ሲጀመር ቀስ በቀስ ይለቃል። ቤተ ዘመዱን ግን አይለቅም። የአንድ ክፍል የወር ኪራይ በስልክ ተነግሮ፣ ደሴ ላይ ተባዝቶ፣ «በዚህ ገንዘብ የግቢው አጥር በሙሉ ይታደሳል» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። መልሱ ትክክል ነው። ችግሩ የፌኸንሃይም አከራይ ለደሴው አጥር አለማሰቡ ነው።

የከተማው ዋጋ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ይህ ከታወቀ ሌላው ሁሉ ይገባል። በችርቻሮ፣ በድንገት፣ ሳይመዘገቡ የሚገዙት ነገር ውድ ነው፤ ፎርም ሞልቶና ፈርሞ በየወሩ ከባንክ ሒሳቡ እንዲቆረጥ የፈቀደ ሰው ያንኑ ነገር በርካሽ ያገኘዋል። ለዛሬ ብቻ የሚያስብ ሰው በዚህ አገር ቅጣት ይከፍላል፤ ለዓመት የሚያስብ ሰው ቅናሽ ያገኛል። ሆኖም የተመዘገበው ሰው ደሞዙን በሒሳብ መግለጫ ላይ እንጂ በእጁ አያየውም።

ይህ በግልጽ የሚታየው በመንገድ ላይ ነው። የፌኸንሃይም ሰው የሚመካው በ11 ቁጥር ትራም ነው። ትራሙ ከከተማው ምዕራብ ጫፍ ከሆኽስት ተነሥቶ፣ በዋናው ባቡር ጣቢያና በአሮጌው ከተማ በኩል አልፎ፣ ሃናወር ላንድሽትራሰን ተከትሎ ሰፈሩ ውስጥ ሺስሁተንሽትራሰ የሚባል ፌርማታ ላይ ያበቃል። 12 ቁጥርም በቦርንሃይም በኩል ዞሮ በሌላ ወገን ይደርሳል፤ ማይንኩር የምትባል ትንሽ የባቡር ጣቢያም አለች። ትራም ሞላ አልሞላ ይነሣል። ረዳት የለውም፤ «ወራጅ አለ!» ብሎ መጮህ አያስፈልግም፤ መውረድ የፈለገ በር አጠገብ ያለውን ቁልፍ ይጫናል። ሾፌሩ ሒሳብ አይቀበልም፤ ትኬት የሚገዛው ፌርማታው ላይ ከቆመው መሣሪያ ወይም በስልክ ነው። መግቢያው ላይ የሚጠይቅ፣ የሚያግድ፣ የሚፈትሽ የለም። ሰው ገብቶ ይቀመጣል፤ ትራሙም ይሄዳል። ብዙ ሐበሻ መጓጓዣው ነጻ ነው ብሎ ወደ አገር ቤት የደወለው በዚህ ምክንያት ነው።

ነጻ አይደለም። በከተማው ውስጥ የአንድ ጊዜ ትኬት ከ3 ዩሮ ተኩል በላይ ያወጣል። ትኬቱ ከመሣሪያው ሲወጣ ጀምሮ መሥራት ስለሚጀምር ገዝቶ ለነገ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነም ገበያ ደርሰው በዚያው አይመለሱበትም። አጭር መንገድ ለሚሄድ ርካሽ ትኬት አለ፤ አጭርነቱ የት ላይ እንደሚያበቃ ግን መሣሪያው በጀርመንኛ ያውቀዋል። እስከ አምስት ሰው ቀኑን ሙሉ አብሮ የሚጓዝበት የቡድን ትኬትም አለ። ይህ ለሐበሻ ተብሎ የተሠራ ይመስላል፤ አምስቱ ሰዎች በተባለው ሰዓት በተባለው ፌርማታ ከተገኙ ብዙ ያተርፋል። እስካሁን በአብዛኛው ያተረፈው ሦስት ሰው ነው፤ ሁለቱ «እየደረስን ነው» ብለው መልእክት የላኩት ናቸው።

በቋሚነት ለሚኖር ሰው መፍትሔው ዶይችላንድ ቲኬት የሚባለው የወር ትኬት ነው። በግንቦት 2023 በ49 ዩሮ ተጀመረ፤ በ2025 ወደ 58፣ በ2026 ወደ 63 ዩሮ ወጣ። የፌኸንሃይም ትራም፣ የሙኒክ የምድር ውስጥ ባቡር፣ የሃምቡርግ አውቶቡስ፣ በመላው ጀርመን ያለው ሁሉ የከተማና የአካባቢ መጓጓዣ በዚህ በአንዱ ይኬዳል። አይሲኢ የሚባለው ነጭ ፈጣን ባቡር ላይ ግን አይሠራም፤ ይህን ባቡሩ ከተነሣ በኋላ የተረዱ አሉ። ትኬቱ ውል ነው፤ ልተወው ያለ ሰው እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ድረስ ካላሳወቀ የሚቀጥለውንም ወር ይከፍላል። በ11ኛው ቀን የሚነሣ ምክንያት፣ ሐዘንም ቢሆን፣ ለኮምፒውተር አይነገርም። ገቢያቸው ዝቅተኛ ሆኖ የመንግሥት ድጎማ ለሚያገኙ የሄሰን ክልል በ2023 ሄሰንፓስ ሞቢል በሚል ስም በ31 ዩሮ የጀመረው ቅናሽ አለ፤ ተማሪዎች ደግሞ በ2017 ለዓመቱ በ365 ዩሮ፣ ማለትም ቀኑን በአንድ ዩሮ፣ የተጀመረ፣ ክልሉን በሙሉ የሚዞሩበት ትኬት አላቸው።

ከዚህ ትኬት በፊት፣ በ2022 ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ መንግሥት የነዳጅ ውድነትን ለማስታገስ ወሩን በ9 ዩሮ ብቻ አደረገው። በጀርመን ባለው ሐበሻ ዘንድ ያ በጋ የሚታወሰው በደስታ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት ሽቱትጋርት ያለ ሠርግ ወይም ኮሎኝ ያለ ክርስትና «መንገዱ ተወደደ» ተብሎ በክብር ይቀር ነበር። በ9 ዩሮ ዘመን ይህ ሰበብ ጠፋ። ሰው ሁሉ በየሳምንቱ ድግስ ላይ ዋለ፤ በመጓጓዣ ያዳነውንም በስጦታ ጨረሰው።

በር ላይ ጠባቂ የሌለው ትራም እንዴት እንደማይከስር ለመረዳት ተቆጣጣሪዎቹን ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቹ የደንብ ልብስ አይለብሱም። አንዱ ጋዜጣ ያነባል፣ ሌላዋ የገበያ ቦርሳ ይዛለች፤ በሩ ሲዘጋ ሁለቱም መታወቂያቸውን ያወጣሉ። ትኬት የሌለው ሰው 60 ዩሮ ይከፍላል፤ ይህም የወር ትኬቱ ዋጋ ያህል ነው። በስሙ የተመዘገበ የወር ትኬት ኖሮት ቤት የረሳ ሰው ቆይቶ ሲያሳይ ቅጣቱ ወደ 7 ዩሮ ይወርዳል፤ መመዝገብ የሚክሰው እንዲህ ነው። ሳይከፍሉ መጓዝ በጀርመን ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ የተጻፈ ጥፋት ስለሆነ ደጋግሞ መያዝ ከገንዘብ በላይ ያስከፍላል። ለተቆጣጣሪ የሽማግሌ አማላጅ አይላክም። እንግዳ መሆን፣ መሣሪያው መበላሸቱ፣ ትኬቱ ከአጎት ልጅ ጋር መሆኑ ሁሉም በትህትና ይደመጣል፤ ወረቀቱም በትህትና ይጻፋል።

የታሪፍ ክልል ወሰንም ነገር አለ። ከፌኸንሃይም በካርል ኡልሪሽ ድልድይ ማዶ ያለው ኦፈንባኽ ሌላ ከተማ ነው። ወንዙን ለመሻገር እግረኛ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ በትኬት የሚሻገር ግን ወደ ሌላ የታሪፍ ክልል ስለሚገባ ከከተማ ውስጥ ዋጋ በላይ ይከፍላል። የወር ትኬት የሌለው ሰው ድልድዩን በእግሩ ተሻግሮ ይገበያያል፤ ሰፈሩ ውስጥ ይህ እንደ ስፖርት ይቆጠራል። አውሮፕላን ማረፊያውም እንዲሁ የራሱ ዋጋ አለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ1958 ጀምሮ ወደ ፍራንክፈርት ይበራል፤ ስለዚህ ከቤተ ዘመድ ማንም ሲመጣ ከአዲስ አበባ እስከዚህ ያለው መንገድ ያለ ጣጣ ያልቃል። ጣጣው የሚጀምረው ከማረፊያው ወደ ከተማ በሚያመጡት ኤስ 8 እና ኤስ 9 ባቡሮች ላይ ነው፤ የከተማ ትኬት እዚያ አይበቃምና። እትዬ ቢመጡ የሚሰጣቸው ምክር አንድ ነው፦ ሁለቱን ሻንጣ ይዘው ትኬት ሳይቆርጡ ባቡር ውስጥ አይግቡ፤ ታክሲም አይጥሩ። ታክሲው በኪሎ ሜትር ከ2 ዩሮ በላይ ይቆጥራል። ሾፌሩ ሐበሻ ሆኖ የመገኘቱ ዕድል በፍራንክፈርት ጥሩ ነው፤ ጨዋታው ያምራል፣ የአገር ቤት ወሬ ይጠየቃል፣ ቆጣሪው ግን አገር ልጅ አያውቅም።

መኪና የሚለው ሐሳብ በየጊዜው ከአገር ቤት ይነሣል። «ጀርመን እየኖረ መኪና የለውም» መባሉም ላኪው ዘንድ ደርሷል። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ በጀርመን የሚሠራው መኖሪያ ከያዙበት ቀን ጀምሮ ለ6 ወር ነው። ከዚያ በኋላ የጽሑፍም የመንዳትም ፈተና እንደገና ይሰጣል፤ ከደሴ ወደ ወልዲያ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ በከባድ መኪና ሃያ ዓመት የነዳ ሰው ሜዳ ላይ ቀኝ እንዴት እንደሚታጠፍ ይጠየቃል። ከባዶ ለሚጀምር ሰው ትምህርቱና ፈተናው ተደምሮ ከ2,500 እስከ 3,500 ዩሮ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል። የጽሑፍ ፈተናው ከጀርመንኛ ሌላ በ12 ቋንቋዎች፣ ቱርክኛ፣ ዐረብኛና ክሮኤሽኛ ጭምር፣ ይሰጣል። አማርኛ የለበትም። ይህ በተለይ በፍራንክፈርት የሚያስገርም ነው፤ ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ከመካነ ሥላሴው ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረውን ይዞ የአማርኛ ሰዋስው ያሳተመው በዚሁ ከተማ በ1698 ነበር። ከተማው ማን ቅድሚያ እንደሚያገኝ በአማርኛ ለመጠየቅ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ጊዜ ነበረው።

ወደ ቤት ሲገባ ወጪው ይከብዳል። ፍራንክፈርት ከጀርመን ውድ ከተሞች አንዷ ናት፤ ፌኸንሃይም በመጠኑ ይቀላል የሚባለው ከእሷ ጋር ሲነጻጸር ነው። ከሰው ጋር በጋራ በሚኖሩበት ቤት አንድ ክፍል ከ500 እስከ 700 ዩሮ ይገመታል። ኪራይ ሁለት ፎቅ አለው፤ መጀመሪያ የግድግዳው ዋጋ፣ በላዩ የማሞቂያው፣ የውኃው፣ የቆሻሻው፣ የደረጃ ማጽጃው። ማስታወቂያው ላይ በትልቅ ፊደል የሚጻፈው ታችኛው ነው። አከራይ እስከ ሦስት ወር የግድግዳ ኪራይ ድረስ መያዣ መጠየቅ ይችላል፤ ሕጉ ተከራዩ በሦስት ጊዜ እንዲከፍል ይፈቅድለታል፤ ይህን የሚያውቅ ተከራይ ግን ብዙ አይደለም። ለማሞቂያ በየወሩ የሚከፈለው ግምት ነው፤ ትክክለኛው ሒሳብ ዓመቱ ካለፈ በኋላ በደብዳቤ ይመጣል። ቀዝቃዛ ክረምት ዓመት ቆይቶ በጸደይ ወይም በበጋ ዕዳ ሆኖ ይመለሳል፤ ተከራዩ ብርዱን ረስቶ በከነቴራ በተቀመጠበት ሰዓት።

ቤት የገባ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱን ለከተማው ማስመዝገብ አለበት፤ ለዚህም አከራዩ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። አድራሻ ከሌለ የግብር ቁጥር በፖስታ አይመጣም፤ ያለ ግብር ቁጥር ሥራው ይከብዳል፤ ያለ ሥራ የደሞዝ ወረቀት የለም፤ የደሞዝ ወረቀት የማያሳይ ሰው ቤት አያገኝም። ከዚህ ክብ ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚገባ የተጻፈ መመሪያ የለም፤ ሐበሻ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ በገባ ሐበሻ ሶፋ በኩል ነው። ይህ ሶፋ በየትኛውም የኑሮ ውድነት ስሌት ውስጥ አልተካተተም።

ምዝገባው እንዳለቀ የመጀመሪያዋ ደብዳቤ ትመጣለች፤ ከሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ መሥሪያ ቤት። እያንዳንዱ ቤት በወር 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም ይከፍላል። ከ2013 ወዲህ ቴሌቪዥን መኖር አለመኖሩ አይጠየቅም፤ ጣራ ካለ ይከፈላል። አንድ ቤት አንድ ክፍያ ስለሆነ አምስት ሆነው ለሚኖሩ አንዱ ብቻ ይከፍልላቸዋል። ከአምስቱ ማን እንደሆነ ሕጉ አይወስንም፤ በዚህ የተነሣ የፈረሰ ጓደኝነት አለ።

ምድጃው ላይ ሌላ ፊዚክስ ይገጥማል። የጀርመን ቤት የግድግዳ ሶኬት 230 ቮልት፣ 16 አምፔር ነው፤ ሲባዛ 3,680 ዋት። ከአገር ቤት የመጣ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይፈልጋል። ይቻላል፤ ግን በዚያው መስመር ላይ የልብስ ማጠቢያው ከተነሣ እንጀራው በጨለማ ይወጣል። የመብራት ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት ከ30 ሳንቲም በላይ ስለሆነ ምጣዱ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢበላ ከ1 ዩሮ አይዘልም ማለት አይቻልም፤ ይዘላል። ቢሆንም ከሱቅ ከመግዛት ይሻላል፤ ሱቅ ውስጥ አንዷ እንጀራ ብቻዋን አንድ ዩሮ ገደማ ናትና። ኢትዮጵያ የጤፍን እህል ወደ ውጭ መላክ በ2006 ከልክላ በ2015 በመጠኑ አላልታዋለች፤ በመካከሉ ሆላንዶች ዘርተው፣ ፓተንት አውጥተው፣ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ውድቅ እስኪያደርግ ድረስ ባለቤት ነን ብለው ነበር። የፌኸንሃይም እንጀራ በአብዛኛው ጥቂት ጤፍ ከስንዴና ከገብስ ጋር የተቀላቀለበት ነው። ዓይኑ ያምራል። ጣዕሙን በተመለከተ ከአገር ቤት የሚመጣ እንግዳ በጨዋነት «ለምደነዋል» ይላል።

ሌላው ምግብ ግን ርካሽ ነው፤ ይህ ለቤተ ዘመድ ሁልጊዜ የማይታመን ይሆናል። በአልዲ ወይም በሊድል አንድ ሊትር ወተት አንድ ዩሮ አካባቢ ነው፤ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ እንቁላል ሰው አያስርቡም። የቧንቧ ውኃ ይጠጣል፤ ጠርሙስ ውኃ የሚገዛው አዲስ መጤና ጀርመናዊው ራሱ ነው። ውድ የሚሆነው የሰው እጅ የነካው ነገር ነው፦ የጸጉር ቆረጣ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ሰው ቆሞ የጠቀለለው ዶነር (ከ7 ዩሮ በላይ ደርሷል)። የሕዝብ ሽንት ቤት እንኳ ከ50 ሳንቲም እስከ 1 ዩሮ ይጠይቃል። በዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ የለም። እሑድ ደግሞ በሕግ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፤ ቅዳሜ ማታ ሽንኩርት የረሳ ሰው እሑድ ወጥ አይሠራም፤ ወይም ሽንኩርቱን ከዋናው ባቡር ጣቢያ ሱቅ በጌጣጌጥ ዋጋ ይገዛል።

ጠርሙስ መጣል ገንዘብ መጣል ነው። ከ2003 ጀምሮ ለአንድ ጊዜ ብቻ በሚያገለግል የላስቲክ ጠርሙስና ጣሳ ላይ 25 ሳንቲም መያዣ ይታሰባል፤ የቢራ ጠርሙስ 8 ሳንቲም ነው። ባዶውን ሱቅ ውስጥ የቆመ መሣሪያ ይውጠውና ወረቀት ይሰጣል፤ ወረቀቱ ሒሳብ ላይ ይቀነሳል። ቆራሌው ማሽን ነው፤ ዋጋ ግን አይከራከርም፣ የተጨማደደ ጣሳም ይመልሳል። ከሐበሻ ድግስ ማግስት ጠዋት ባለቤቱ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ጠርሙስ ተሸክሞ መሣሪያው ፊት ሲሰለፍ ማየት የተለመደ ነው፤ ከኋላው አንዲት ባዶ የዕርጎ ጠርሙስ የያዙ ጀርመናዊት እመቤት ይቆማሉ፤ ይተክዛሉ።

ቡና ለብቻው ቦታ ይገባዋል። ጀርመን በተቆላ ቡና ላይ በኪሎ 2 ዩሮ ከ19 ሳንቲም ልዩ ታክስ ታስከፍላለች። ጥሬ ቡና ላይ ይህ ታክስ የለም። እዚህ ላይ የእናቶች ልማድ ከጀርመን ግብር ሕግ ጋር ተስማምቶ ተገኝቷል፤ ጥሬውን ገዝቶ ቤት መቁላት ርካሹ መንገድ ነው። ነገር ግን በሄሰን ክልል በመኝታ ክፍልና በመተላለፊያ ጣሪያ ላይ የጭስ ማስጠንቀቂያ መግጠም ግዴታ ነው፤ መሣሪያውም የቡና ጭስን ከቃጠሎ፣ ዕጣንን ከሁለቱም አይለይም። ስለዚህ በፌኸንሃይም ቡና የሚቆላው መስኮት ተከፍቶ፣ የመተላለፊያው በር ተዘግቶ፣ አንድ ሰው ወንበር ላይ ቆሞ በፎጣ እያራገበ ነው። ቡና ለመጠጣት ቢያንስ ሦስት ሰው ያስፈልጋል የሚለው ደንብ በዚህ አገር ምክንያት አገኘ። ቡናው ራሱ በመንገደኛ ሲመጣ ያስደስታል፤ ሽሮና በርበሬም እንዲሁ። ቅቤና ቋንጣ ግን መላክ ይቅር። የሥጋና የወተት ውጤት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በመንገደኛ ሻንጣ እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ጉምሩክ ካገኘው ይወስደዋል። ባለፈው ፋሲካ የተላከው የለጋ ቅቤ መጨረሻው ምን እንደሆነ ለእማማ እስካሁን አልተነገራቸውም፤ ይህን ክፍል የሚያነብላቸው ሰው ይዝለለው።

ደሞዝ በሁለት ቁጥር ይነገራል። ከላይ ያለው ያልተጣራው ነው፤ በአገር ቤት የሚወራው እሱ ነው። በ2026 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 13 ዩሮ ከ90 ሳንቲም ስለሆነ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር ከ2,400 ዩሮ ትንሽ ከፍ ያለ ይጻፍለታል። ከዚያ ጡረታው፣ የጤና መድኑ፣ የሥራ አጥ መድኑ፣ የአረጋውያን መንከባከቢያው፣ ግብሩ ይወርዳል። ለጡረታ ብቻ 18.6 በመቶ ይታሰባል፤ ግማሹን አሠሪው፣ ግማሹን ሠራተኛው ይከፍላል። ላላገባ ሰው እጅ የሚገባው 1,700 ዩሮ አካባቢ ነው። የቤተ ክርስቲያን ግብር የሚባልም አለ፤ በሄሰን ከገቢ ግብሩ ላይ 9 በመቶ ነው፤ ከገቢው ሳይሆን ከግብሩ ስለሚታሰብ ከአስራት በኩራት እጅግ ያነሰ ነው። የሚቆረጠው በመንግሥት በኩል ለሚሰበስቡት፣ በዋናነት ለካቶሊክና ለወንጌላውያን አባላት ነው። በምዝገባ ፎርሙ ላይ ኦርቶዶክስ ብሎ የጻፈ አይነካም። «ያው ሁላችን ክርስቲያን ነን» ብሎ ያገኘው ሳጥን ላይ ምልክት ያደረገ ሰው ግን የፍቅሩን ዋጋ በየወሩ ደሞዝ ወረቀቱ ላይ ያነባል። የጀርመንን ደሞዝ መናቅ ደግሞ ትክክል አይሆንም። የጤና መድን ካርድ ይዞ ሐኪም ቤት የሚገባ ሰው ገንዘብ አይጠየቅም፤ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ በወር 259 ዩሮ ከመንግሥት ያገኛል፤ ትምህርት ቤት በነጻ ነው። ከደሞዙ የጠፋው ገንዘብ የት እንዳለ የሚታወቀው ሰው ሲታመም ነው።

የወሩ ቀን መቁጠሪያም ለቤተ ዘመድ መታወቅ አለበት፤ ብዙ ቅሬታ የመጣው ከዚህ ነውና። ኪራይ በሕግ እስከ ወሩ ሦስተኛ የሥራ ቀን መከፈል አለበት። የትኬቱ፣ የመብራቱ፣ የስልኩ፣ የመድኑ ገንዘብም በዚያው ሰሞን ማንንም ሳይጠይቅ ከባንክ ይወጣል። ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን ላኪው የራሱን ሒሳብ የሚያየው እንደ እንግዳ ነው። ስለዚህ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን የሚደወል ስልክ፣ ሰላምታው ምንም ያህል ረጅም ቢሆን፣ የሚያገኘው ገና ያልተቆረጠለትን ሰው ነው፤ ያ ሰው በደስታ ቃል ይገባል፤ በአምስተኛው ቀን ቃሉን የሚጠብቀው ሌላ ሰው ነው። ለመደወል የሚሻለው ከወሩ 8 እስከ 12 ያለው ጊዜ ነው፤ የቀረው እርግጠኛ የሚሆነው ያኔ ነው። ለሠርግ የሚሆን ከሦስት ወር በፊት ቢነገር፣ እንደ ቤት መልቀቂያ ማስታወቂያ ሁሉ፣ ይመዘገባል። ሞባይል ይላክ የሚለው ጥያቄ ለብቻው በሌላ ደብዳቤ ይታያል።

ከጀርመን ወደ ኢትዮጵያ ለሚላክ ደብዳቤ እስከ 20 ግራም ድረስ ቴምብሩ 1 ዩሮ ከ25 ሳንቲም ነው፤ ከዚያ ካለፈ ወደ ሚቀጥለው ዋጋ ይዘላል። አንድ ወረቀት 5 ግራም ይመዝናል፤ ከነፖስታው ሦስት ወረቀት ይፈቀዳል ማለት ነው። ሁሉም በፊትና በጀርባ ተጽፎ አልቋል። ስለ ጎረቤቶች፣ ስለ አየሩና ስለ ጋብቻ የተጠየቀው በአራተኛው ወረቀት ላይ ስለሚወድቅ አልተካተተም።